የእንቁጣጣሽ ካርድ በገዛ እጃችን

ጳጉሜን ስትገባ የድሬዳዋ ሙቀት ገና አይበርድም። ቢሆንም ሰው ሁሉ ስለ አዲሱ ዓመት ማሰብ ይጀምራል። በቀፊራ ገበያ ሸማቹ ይበዛል። በአገራችን በብዙ ቦታ ልጆች በወረቀት ላይ አበባ ይሥላሉ። ሥዕሉን ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። "እንኳን አደረሳችሁ" ብለው ሥዕሉን ይሰጣሉ፤ ሳንቲም ይቀበላሉ። ይህ የቆየ ልማዳችን ነው።

ታዲያ ይህ ሥራ ለልጆች ብቻ የተተወ ነው እንዴ? አይደለም። ትልቅ ሰውም ካርድ መሥራት ይችላል። በተለይ ፊደል የቆጠረ ሰው ካርድ ሲሠራ ከሥዕሉ ሌላ የራሱን ቃል ይጨምርበታል። ዛሬ የምንማረው ይህንኑ ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ ከጓዳ፣ ከማሳና ከልብስ ሰፊ ቤት ይገኛል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ታሪክ እንስማ።

1. የአንዲት እናት ታሪክ

በምናስተምርበት ጣቢያ አንዲት እናት አሉ። ቤታቸው ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ማሽላ ያመርታሉ። ጥቂት የማንጎ ዛፎችም አሏቸው። ልጃቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ሄደ። ያን ጊዜ ስልክ እንደ ዛሬው በየሰው ኪስ አልነበረም። ስለዚህ ከተማ ድረስ በእግር እየመጡ፣ ለደብዳቤ ጸሐፊ ከፍለው ያስጽፉ ነበር።

"ጸሐፊው ፊት ሰው ተሰልፏል። እኔ የምናገረውን ሁሉም ይሰማል። የሆዴን ማውጣት አፈርኩ። 'እኛ ደህና ነን፤ አንተስ እንዴት ነህ?' ብቻ እያስባልኩ ተመለስኩ" አሉን።

መልስ ሲመጣ ደግሞ የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። አንድ ቀን ያነበበላቸው ሰው የደብዳቤውን ወሬ ለመንደሩ አዳረሰው። ከዚያ ወዲህ ማስጻፉንም ማስነበቡንም ተዉት።

ዛሬ ስልክ አለ። ከልጃቸው ጋር ይነጋገራሉ። "ግን ሒሳቡ ይቆጥራል እያልኩ እቸኩላለሁ። የረሳሁት ነገር ትዝ የሚለኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው" ይላሉ።

እኚህ እናት ዘንድሮ የመጀመሪያ ካርዳቸውን ሠሩ። እንዴት እንደሠሩት ቆይተን እናያለን።

2. የአውራ ጣት ሥራ

መጻፍ የማይችል ሰው ሲፈርም ምን ያደርጋል? አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ያትማል። በወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ግን አያውቅም። የነገሩትን አምኖ ያትማል። ያልተዋዋለውን ውል ቢያጽፉበትም ጣቱ ይመሰክርበታል። ፊደል አለማወቅ የሚያስከትለው ጉዳት እዚህ ላይ ነው።

በዛሬው ትምህርት አውራ ጣታችን ሌላ ሥራ ያገኛል። አበባ ይሠራል። ስማችንን ግን በእርሳስ ወይም በብዕር እንጽፋለን። ጣት ለጌጥ ነው፤ ፊርማ በፊደል ነው።

3. ካርድና ቴምብር ከየት መጡ?

ደብዳቤ ሲላክ ፖስታው ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ቴምብር ትባላለች። የመላኪያው ዋጋ መከፈሉን ታሳያለች። የምትለጠፍ ቴምብር መጀመሪያ የወጣችው በእንግሊዝ አገር ነው። ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1840 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1843፣ እዚያው ለንደን ውስጥ የገና በዓል ካርድ ታትሞ ለሽያጭ ቀረበ። ያ ካርድ ከታተመ በኋላ ቀለሙ የተቀባው በእጅ ነበር። ስለዚህ በእጅ የተሠራ ካርድ የሚናቅ ነገር አይደለም።

በአገራችን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ያዘዙት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ፓሪስ ውስጥ ታተሙ። ሰባት ዓይነት ነበሩ። በአራቱ ላይ የምኒልክ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ ነበረ። ያን ጊዜ የባቡር ሐዲድ አልነበረም። ደብዳቤ ወደ ባሕር ጠረፍ የሚደርሰው በእግረኛና በግመል ነበር።

በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ዛሬ ድሬዳዋ የምትባለው ቦታ ደረሰ። ርቀቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋም የተቆረቆረችው ከባቡሩ ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ወደብ በባቡር ይወርድ ጀመር። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ድሬዳዋ ስሟ ከባቡር ጋር ብቻ ሳይሆን ከደብዳቤ ጋርም የሚነሣ ከተማ ናት ማለት ነው።

4. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሀ. ወረቀት፦ ጠንከር ያለ ነጭ ወረቀት ወይም ስስ ካርቶን። ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ አንድ ስንዝር ያህል ነው። ወርዱ 14 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

ለ. ማኅተም፦ አንድ ድንች፣ አንድ ባሚያ፣ እንዲሁም የራሳችን አውራ ጣት።

ሐ. ቀለም፦ ለቢጫ እርድ፣ ለጥቁር የምጣድ ጥላሸት።

መ. ሙጫ፦ ከግራር ዛፍ ላይ የሚለቀም ሙጫ። እሱ ካልተገኘ የዱቄት ሙጫ።

ሠ. ጌጥ፦ ከልብስ ሰፊ ቤት የወደቀ ቁራጭ ጨርቅ፣ የደረቀ የማሽላ አገዳ ልጣጭ፣ ባለ ቀለም ክር።

ረ. ያገለገሉ ቴምብሮች፦ ከቆዩ ፖስታዎች ላይ የሚነሡ።

ሰ. መቀስ፣ ቢላዋ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ብዕር።

5. ቀለሙንና ሙጫውን ማዘጋጀት

የግራሩን ሙጫ በትንሽ ለብ ያለ ውኃ ዘፍዝፉት። አሳድሩት። ጠዋት እንደ ቀጭን ማር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቅርፊትና አፈር ካለበት በጨርቅ አጥሉት። የዚህ ዓይነት ሙጫ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ከቴምብርና ከፖስታ ጀርባ ለመቀባት ለብዙ ዘመን አገልግሏል። እኛ በየቆላው እያየን የምናልፈው ነገር ነው።

የዱቄት ሙጫ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ማንኪያ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ውኃ በጥብጡ። በእሳት ላይ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉት። ሲቀዘቅዝ ተጠቀሙበት። ከሁለት ቀን በላይ አታቆዩት፤ ይሸታል።

ለቢጫ ቀለም ግማሽ ማንኪያ እርድ በጥቂት የግራር ሙጫ ለውሱ። ለጥቁር ቀለም ጥላሸቱን በጨርቅ ነፍታችሁ እንዲሁ በሙጫ ለውሱ። ቀለሙ ወፍራም ይሁን። ቀጭን ከሆነ በወረቀቱ ላይ ይፈሳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እርድ ሳሙና ወይም የአመድ ውኃ ሲነካው ቀይ ዳማ ይሆናል። እጃችሁን ስትታጠቡ ጣታችሁ ቢቀላ አትደንግጡ። እንዲያውም ከእርዱ ቀለም ጥቂት ከፍላችሁ የአመድ ውኃ ብትጨምሩበት ሦስተኛ ቀለም ታገኛላችሁ። የእርድ ቀለም ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ይደበዝዛል። ካርዱን ጥላ ላይ አድርቁት።

6. ቴምብሩን ከፖስታው ማንሣት

ቴምብሩን በጣት ልጣችሁ አትንቀሉ፤ ይቀደዳል። ቴምብሩ ያለበትን የፖስታ ቁራጭ ዙሪያውን ቁረጡ። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት። ሙጫው ሲለቅ ቴምብሩ ብቻውን ይላቀቃል። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስጡት። ሲደርቅ በመጽሐፍ መካከል አስተኙት፤ ይስተካከላል።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛ፣ ያገለገለ ቴምብር ለጌጥ ብቻ ነው። ደብዳቤ ለመላክ እንደገና መለጠፍ ማጭበርበር ነው። ሁለተኛ፣ በጣም ያረጀ ቴምብር ካገኛችሁ ወዲያው አትለጥፉት። ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። አንዳንዱ አሮጌ ቴምብር ዋጋ ስላለው አስቀድማችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

7. ማኅተሙን መቅረጽ

ድንቹን አጥባችሁ ከመካከሉ በአንድ ምት ቁረጡት። ፊቱ ለጥ ያለ ይሁን። በላዩ ላይ የምትፈልጉትን ቅርጽ በእርሳስ ንደፉ። ቅጠል ወይም ጀበና ሊሆን ይችላል። ከንድፉ ውጭ ያለውን በቢላዋ ቀስ ብላችሁ አንሡ። ቅርጹ ከፍ ብሎ ይቀራል። ፊቱን በጨርቅ አድርቁት።

ፊደል ልትቀርጹ ብትፈልጉስ? ማኅተም ሲያርፍ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ስለዚህ ፊደሉን ገልብጣችሁ መቅረጽ አለባችሁ። ሀ፣ በ እና ዐ ግራና ቀኛቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ችግር የለባቸውም። ረ ን ሳትገለብጡ ብትቀርጹት ግን ወረቀቱ ላይ ዞሮ ይወጣል። በመስተዋት ፊት ይዛችሁት ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል።

ባሚያ ግን መቅረጽ አያስፈልገውም። አግድም ስትቆርጡት ተፈጥሮው አበባ ነው። ዝልግልጉን በጨርቅ ጠርጋችሁ ቀለም አስነኩት።

8. ካርዱን መሥራት

አንደኛ፦ ወረቀቱን ከመካከሉ እጠፉት። እጥፋቱ ቀጥ እንዲል አስቀድማችሁ በማስመሪያና በቢላዋ ጀርባ ቀለል አድርጋችሁ አስምሩ። አሁን 10 በ14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርድ አላችሁ።

ሁለተኛ፦ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ደራርባችሁ ሳሕን ላይ አድርጉ። ቀለሙን አጠጡት። ማኅተሙን የምታስነኩት እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ካደረጋችሁ ቀለሙ እኩል ይይዛል።

ሦስተኛ፦ በመጀመሪያ በሌላ ወረቀት ላይ ሞክሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ እጅ ሲለምድ ወደ ካርዱ ግቡ።

አራተኛ፦ አውራ ጣታችሁን ቢጫውን አስነኩ። በካርዱ ፊት ላይ ክብ ሠርታችሁ ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ እተሙ። እያንዳንዱ አሻራ አንድ የአበባ ቅጠል ይሆናል። በመካከሉ በቀይ ዳማው ቀለም አንድ ነጥብ አድርጉ። ይህ አደይ አበባ ነው። አደይ የሚወደው ደጋውንና ወይና ደጋውን ነው። በሞቃታማው ቆላ እንደ ልብ ባይገኝም በካርዳችን ላይ ግን ይፈካል። የእናንተ ጣት መስመር የሌላ ሰው ጣት ላይ የለም። ስለዚህ የእናንተን አበባ ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም።

አምስተኛ፦ የአገዳውን ልጣጭ በቀጭኑ ሰንጥቃችሁ ለአበባው ግንድ አድርጋችሁ ለጥፉት። ከጨርቁ ቅጠል ቆርጣችሁ በግራና በቀኝ ለጥፉ።

ስድስተኛ፦ ዳር ዳሩን በባሚያው ማኅተም አስጊጡት። በአንዱ ጥግ አንድ ወይም ሁለት ያገለገሉ ቴምብሮች ለጥፉ። ወፍ ወይም የዱር እንስሳ ያለበት ቢሆን ያምራል። ጌጥ አታብዙ። የበዛ ጌጥ ዓይን ያደክማል።

ሰባተኛ፦ ካርዱን በንጹሕ ወረቀት ሸፍናችሁ መጽሐፍ ጫኑበት። አንድ ሌሊት ይደር።

9. ቃሉን መጻፍ

የካርዱ ፊት ለዓይን ነው። ውስጡ ለልብ ነው። ብዙ ሰው "እንኳን አደረሰህ" ብሎ ያቆማል። ይህ ቃል መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉም የሚለው ቃል ነው። ከሱ ቀጥሎ እናንተ ብቻ የምታውቁትን አንድ ነገር ጻፉ። ምሳሌ እነሆ፦

"ጳጉሜን 3 ቀን
ለወንድሜ
እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ።
አንተ የተከልካት ማንጎ ዘንድሮ አፈራች።
ቀምሰናታል፤ ትጣፍጣለች። ያንተ ድርሻ ቆይቶሃል።
እህትህ"

አያችሁ? አጭር ነው። ግን ማንም ሌላ ሰው ሊጽፈው አይችልም። አስቀድማችሁ በሌላ ወረቀት ላይ ሞክሩት። ከዚያ በብዕር ገልብጡት። ቃሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ሊሆን ይችላል። የሆዳችሁን በሚገልጽላችሁ ቋንቋ ጻፉ። ካርዱም ለእንቁጣጣሽ ብቻ አይደለም። ለኢድ፣ ለገና፣ ለሠርግ፣ ለአራስ ጥየቃም ይሆናል።

ለምን ጳጉሜን 3ን መረጥን? ይህ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ነው። በየዓመቱ የዓለም የመሠረተ ትምህርት ቀን ሆኖ ይከበራል። መከበር የጀመረው በ1959 ዓ.ም. ነው። በአገራችን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የፊደል ቀን ከአዲስ ዓመት ዋዜማ ጋር መገጣጠሙ ለእኛ ለካርድ ሠሪዎች መልካም አጋጣሚ ነው።

10. ካርዱን መላክ

ካርዱ ጨርቅና አገዳ ስላለበት ያለ ፖስታ አይላክም። የፖስታ ቤት ማኅተም ሲያርፍበት ጌጡ ይሰበራል። በፖስታ ውስጥ ክተቱት። የተቀባዩን ሙሉ ስም፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩንና የከተማውን ስም በፊት ለፊት ጻፉ። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ነው። የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በትምህርት ቤት ሣጥን ሊቀበል ይችላል። የእናንተን ስምና አድራሻ በጀርባው ጻፉ። ሰውየው ባይገኝ ደብዳቤው ወደ እናንተ ይመለሳል።

አዲሱ ቴምብር በቀኝ በኩል ከላይ ጥግ ላይ ይለጠፋል። ዋጋው እንደ ክብደቱና እንደ ርቀቱ ስለሆነ ፖስታ ቤት አስመዝኑት። ወደ ውጭ አገር ከሆነ አድራሻው በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት። ይህን ለሚያውቅ ሰው ማስጻፍ ነውር አይደለም። አድራሻው ውጭ ያለ ነው። የውስጡ ቃል ግን የእናንተ ነው።

11. የእናታችን ካርድ

አሁን ወደ እኚያ እናት እንመለስ። አበባውን በአውራ ጣታቸው ሲሠሩ ሳቁ። "ይህ ጣት ስንት ወረቀት ላይ አርፏል! አበባ ሲሆን ግን ዛሬ ገና አየሁት" አሉ። አገዳውን ከራሳቸው ማሳ አምጥተው ነበር። ጨርቁ ከልጃቸው አሮጌ ሸሚዝ የተቆረጠ ነው።

ከዚያ ወደ ጥግ ሄደው መጻፍ ጀመሩ። ብዙ ቆዩ። ሌሎቹ ጨርሰው ዕቃ ሲያነሡ እሳቸው ገና ይጽፋሉ። እኔም የፊደል ስሕተት ካለ ላርምላቸው ብዬ ቀረብኩ። ካርዱን አጠፉብኝ።

"እማማ፣ ላየው እንጂ። የተሳሳተ ፊደል ካለ እናስተካክላለን" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ፊደሉ ቢሳሳት ምን ቸገረኝ? እናቱ እንደጻፈችው ያውቀዋል። ስንት ዓመት በሰው አፍ ተናግሬያለሁ። ይኼን አንተም አታነበውም" አሉኝ።

መጀመሪያ ደነገጥኩ። በኋላ ግን ደስ አለኝ። ለአስተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ውጤት አለ? በሙጫ የታሸገውን ፖስታ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ወደ ፖስታ ቤት ሄዱ። ውስጡ ምን እንደተጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማወቅም የለብኝም።

አዲስ ቃላት

ቴምብር፦ የመላኪያ ዋጋ መከፈሉን የምታሳይ፣ ፖስታ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ወረቀት።
ማኅተም፦ ቀለም ነክቶ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ቅርጽ የሚተው ነገር።
አሻራ፦ ጣት ያረፈበት ምልክት።
ንድፍ፦ ከሥራ በፊት በእርሳስ የሚወጣ ቅርጽ።
ፖስታ ሣጥን፦ በፖስታ ቤት የሚገኝ፣ ደብዳቤ የሚቀመጥበት ቁጥር ያለው ሣጥን።

ጥያቄዎች

1. እናትየዋ ደብዳቤ ማስጻፍ ለምን ተዉ?
2. በድንች ላይ ረ ን ስንቀርጽ ለምን እንገለብጣለን?
3. ያገለገለ ቴምብር ለምን ሥራ ይሆናል? ለምን ሥራ አይሆንም?
4. ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?
5. እናትየዋ ካርዱን ለአስተማሪው አላሳይም ማለታቸው ትክክል ነው ትላላችሁ? ተወያዩበት።

መልመጃ

ለአንድ ሰው ካርድ ሥሩ። በውስጡ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ሦስት መስመር ጻፉ። የካርዱን ፊት ለክፍል ጓደኞቻችሁ አሳዩ። የውስጡን ማሳየት አትገደዱም።